ኪንድል (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) በሶላር ሲሰካ ቻርጁ ለምን ይቆራረጣል? (መልስ)

ችግሩ ኪንድሉ አይደለም ወንድሜ፣ በቀጥታ ፓኔሉ ላይ መሰካትህ ነው። ደመና ባለፈ ቁጥር ኃይሉ ይወርድና ቻርጁ ይቋረጣል፣ ፀሐይ ስትመለስ ደግሞ አንዳንዱ ዕቃ ተነቅሎ ካልተሰካ በራሱ አይጀምርም። ስለዚህ ቀን ቀን ፓወር ባንክ ከፓኔሉ ቻርጅ አድርግ፣ ማታ ኪንድሉን ከፓወር ባንኩ። የኪንድል ባትሪ ትንሽ ስለሆነ 10000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) የሚይዝ ፓወር ባንክ አንዴ ከሞላ ቢያንስ 3 ጊዜ ይሞላልሃል፣ ዋይፋዩን ካጠፋኸው ደግሞ ብዙ ይቆይልሃል።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ፓወር ባንኩን ፀሐይ ላይ እንዳትተወው። እኔ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ከፓኔሉ ጋር ትቼው ስመለስ ሆዱ እንደ ዳቦ ተነፍቶ አገኘሁት፣ ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ቻርጅ መደረግ የለበትም። ረዘም ያለ ገመድ ግዛና ጥላ ውስጥ አስቀምጠው፣ ካበጠ ደግሞ መልሰህ እንዳትሰካው።