የአንበሳውን ሠሪ ሳልጠይቀው ቀረሁ

ባለፈው ሳምንት የሥነ ጥበብ ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ወራት የቀሯት አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ የብሔራዊ ቴአትሩን አንበሳ የሠራው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ቀራጺ መሆኑን ነገርኋት፤ አመስግናኝ ሄደች። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ካልካ እ.ኤ.አ. በ1921 በፖላንድ ሎድዝ ከተማ ቢወለድም ጥበቡን የተማረው በፈረንሳይ ነው። በ1950 ወጣት ቀራጺዎች ሁሉ የሚመኙትን የሮማ ሽልማት አገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ የነገሡበት 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ አንሪ ሾሜት የተባለው ፈረንሳዊ አርክቴክት ባጠናቀቀው ቴአትር ፊት ለፊት ያ የድንጋይ አንበሳ ቆመ።

እኛ ተማሪ ሳለን በዚህ አንበሳ እንስቅ ነበር። ለእኛ አንበሳ ማለት የለገሃሩ ነው። እሱም የፈረንሳዊ እጅ ነው፤ የእንስሳት ቀራጺው ዦርዥ ጋርዴ ከነሐስ የሠራው፣ ጣሊያን ዘርፎ ሮም ወስዶት በኋላ የተመለሰው። በለገሃሩ አንበሳ ላይ ጡንቻውም ጎፈሩም በየቦታው አለ። የካልካ አንበሳ ጎፈር ግን ጸጉር ሳይሆን ጠርዝ ነው፤ «ሳይጨርሰው የሄደ» እንለው ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከሥሩ ተቀምጬ ጫማዬን ሳስጠርግ ቀና ብዬ አየሁት። ፀሐዩ በአንዱ ጠርዝ ላይ አርፎ ቀጥሎ ያለውን ሲያጠቁረው፣ ጎፈሩን የሚሠራው ጥላው መሆኑ ገባኝ። ሊስትሮው እግሬን ቀይር ብሎ ብሩሹን ሁለት ጊዜ ሳጥኑ ላይ አንኳኳ፤ አልሰማሁትም።

በ1974 ዓ.ም. ለአጭር ሥልጠና ፓሪስ ሄድሁ። አንድ መምህር ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ የካልካን የሥራ ቤት አድራሻ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። እኔም በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ሦስት ጥያቄዎች ከጀርባው ጻፍሁበት። አንድ ቅዳሜ እስከ መንገዱ ድረስ ሄጄ፣ ከማዶ ያለ ቡና ቤት ገብቼ በሩን እያየሁ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥሁ። ከዚያ ለልጄ ጫማ ልግዛ ብዬ ተነሥቼ ሄድሁ። ለባልንጀሮቼ የሰጠሁት ምክንያት ዘመኑ ነበር፤ ደርግ ልኮኝ የንጉሡን አንበሳ የሠራ ሰው ቤት ታየሁ ማለት አያምርም አልሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ሰበብ ነው። የያዘኝ በሥራው ላይ የሳቅሁት ሳቅ ነው፤ ፊቴን አይቶ የሚያውቅብኝ መሰለኝ።

ካልካ በ1999 እ.ኤ.አ. አረፈ። ማረፉን ያወቅሁት ዘግይቼ፣ በ1969 ስለሠራው ቡመራንግ ስለሚባለው ጠረጴዛ ሳነብ ነው። ያን ድንጋይ በጠርዝ የከፈለው እጅ በፋይበር ግላስ ሲሠራ ጠርዙን ሁሉ ማለስለሱን ሳይ፣ አራተኛ ጥያቄ መጣብኝ።

እናንተን የሥነ ጥበብ ተማሪዎችን ጠንክሩ፣ አንብቡ አልላችሁም፤ ይህን ቤተሰቦቻችሁ ይሉላችኋል። የምላችሁ፣ ሥራው የገረማችሁን ሰው በሕይወት ሳለ ሄዳችሁ ጠይቁት ነው። የዘንድሮ ልጆች አንበሳው ሥር ፎቶ ስትነሡ ጀርባችሁን ለእሱ፣ ፊታችሁን ለስልካችሁ ሰጥታችሁ ነው፤ ይህ ያናድደኛል። ነገር ግን እኔም ብሆን ለዓመታት «ሥራውን እዩ፣ ሠሪውን ተዉት» እያልሁ አስተምሬአለሁ። ያቺ ልጅ ተማሪዬ ብትሆን ኖሮ ምናልባት አትጠይቀኝም ነበር።

ወረቀቱ ዛሬም በፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላቴ ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ጎፈሩን ስትቆርጥ የአዲስ አበባን የረፋድ ፀሐይ አይተኸው ነበር ወይ?» የሚል ነው። ከሦስተኛው በታች ሁለት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ትቼ ነበር፤ እቤቱ ገብቼ ሥራዎቹን ሲያሳየኝ ሌላ የምጠይቀው ይመጣልኛል ብዬ።