መልስ፦ ሁለት ሰው ብቻ እያለን የውሃ ሂሳቡ ለምን እጥፍ ሆነ?

እህቴ፣ ሁለት ሆናችሁ እየኖራችሁ የውሃ ሂሳባችሁ በአንድ ወር እጥፍ እንደመጣባችሁ ነግረሽኛል። ለአቤቱታ ከመሮጥሽ በፊት ቢሉ ላይ የተጻፈውን ንባብ ከቆጣሪው ጋር አስተያዪ። የቆጣሪው ቁጥር ከቢሉ ካነሰ ስህተቱ የንባብ ነው፤ ፎቶ አንስተሽ ቅርንጫፉ ሂጂ። ጥቁሮቹ አሃዞች ሜትር ኩብ ናቸው፣ ቀዮቹን ተያቸው።

ንባቡ ልክ ከሆነ ግን የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ውሃ በሚመጣበት ቀን (በፈረቃ ከሆናችሁ መስመሩ ባዶ ሲሆን ፍተሻው ዋጋ የለውም) ሮቶው ይሙላ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጊና ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር ተመልከቺ። ከዞረች ያፈሳል።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሽንት ቤቱን ነው። ድምፅ ሳያሰማ ያፈሳላ! ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ከላይ ሳጥኑ ውስጥ ጨምሪና ማንም ሳይጠቀም ግማሽ ሰዓት ጠብቂ፤ መቀመጫው ውስጥ ቀይ ከታየ የሳጥኑ የታችኛው ጎማ አልቋል ማለት ነው። በደቂቃ ግማሽ ሊትር ብቻ ቢያፈስ እንኳ በወር ከ21 ሜትር ኩብ በላይ ይሄዳል። የአዲስ አበባ ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም አብሮ ስለሚጨምር፣ እጥፍ መምጣቱ አይገርምም።

የእኛ ቤት ጉድ ሮቶው ነበር። ውሃው ሌሊት ይመጣል፣ ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ተሰብሯል፣ እኛ ተኝተናል። የነቃነው የጎረቤት ግድግዳ ከረጠበ በኋላ ነው።