ለጥላ የተከልነው ዛፍ አጥር ሲዘል፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ግቢ አጥር ባለፈው ከጻፍኩ በኋላ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከሰሜን ሸዋ ናቸው። ከሸዋሮቢት፣ ከአጣዬ፣ ከአረርቲ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከዚሁ ከደብረ ብርሃንም። የሚያነሱት ነገር ይመሳሰላል። ለጥላ ወይም ለአበባው ብለው የተከሉት ዛፍ ከግቢያቸው ወጥቶ ሄዷል። ቢቆርጡት ይመለሳል። ጎረቤት ማማረር ጀምሯል። ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ እንቆያለን። የጠያቂዎቹን ስም አላወጣሁም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ከሸዋሮቢት፦ እትዬ፣ አባታችን በሕይወት እያለ ከአዋሽ በኩል አምጥቶ የተከለው አንድ ፕሮሶፒስ በራችን ላይ አለ። ጥላው ደስ ይላል። አሁን ግን ከቤታችን ጀርባ እስከ ወንዙ ድረስ ያልበቀለበት ቦታ የለም። እንቆርጠዋለን፣ መልሶ ይበቅላል። አንድ ግንድ ቆርጠን ብዙ ቀጫጭን ግንድ ይተካልናል። ምን ብናደርግ ይሻላል?

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አባትህን የሚወቅስ ሰው ካለ አትስማው። ያን ጊዜ ዛፉ በልማት ሥራ ስም በይፋ ይተከል ነበር። የመጣው ከደቡብና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ውስጥ ነው። አፈር እንዲይዝ፣ በበረሃ ጥላ እንዲሆን ታስቦ። ድርቁን ቻለ፣ ጨዋማውን መሬት ቻለ፤ ከዚያ ማንም ሳይተክለው መሄድ ጀመረ። ዛሬ በአፋር ክልል ብቻ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። ዛፉን «ደርጊ ሃራ» የሚሉት የአፋር አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬታቸውን ያጡት በእሱ ነው። እኛ በሰሜን ሸዋ ያለን ሰዎች ይህን አይተን መንቃት ነበረብን።

ዘሩን የሚያጓጉዙት ከብቶች ናቸው። ፍሬው ረዘም ያለ፣ ሲበስል ቢጫ የሚሆን፣ ጣፋጭ ነው። ፍየሉም ላሙም ግመሉም ይወደዋል። የፍሬው ሥጋ ይፈጫል፤ ዘሩ ግን ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ሆድ ውስጥ አይሞትም። ከእበቱ ጋር ይወድቃል፣ ማዳበሪያው አብሮት ነው፣ ይበቅላል። የቀረውን ጎርፍ ይወስደዋል። እስከ ወንዙ የደረሰባችሁ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መቁረጡ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ዛፉ የሚያቆጠቁጠው ከግንዱ ሥር፣ ከመሬቱ ገጽ አጠገብ ካለው የሥሩ አናት ነው። እዚያ የተኙ ቡቃያዎች አሉ። በገጀራ ከመሬት በላይ ስትቆርጠው እነሱን ቀሰቀስካቸው ማለት ነው። ስለዚህ አፈሩን ዙሪያውን በዶማ ግለጠው። ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ከመሬት በታች ወርደህ ሥሩን ቁረጥ፤ ትልቅ ዛፍ ከሆነ ከዚያም ዝቅ በል። ከዝናብ በኋላ አፈሩ ሲርስ ሥራው ይቀላል። እሾሁ ነጠላ ጫማን በስቶ ስለሚያልፍ ወፍራም ጫማ አድርጉ። ልጆችን አታሰልፉ።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የሚወገደው በራችሁ ላይ ያለው እናት ዛፍ ነው፤ ያውም ፍሬው ሳይበስል። ጥላው እንደሚያሳሳችሁ አውቃለሁ። ግን እሱ ቆሞ ወንዝ ዳር ያለውን ብትነቅሉ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ናችሁ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ ጎርፉ በሚሄድበት አቅጣጫ ውረዱ። አፈር ውስጥ የቀረው ዘር ለዓመታት መብቀሉን ስለማያቆም በየክረምቱ እየዞራችሁ ችግኙን በእጅ ንቀሉ። ትንሽ ሳለ ቀላል ነው።

እንጨቱን አትጣሉት። ከሰሉ ጥሩ ነው። ፍሬውን ለከብት መስጠት ከፈለጋችሁ ዘሩ እስኪሰበር ድረስ ይፈጭ፤ እሱም ቢሆን ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅሎ። ብቻውን አብዝቶ የበላ ከብት ጥርሱና ድዱ ይጎዳል። በእናት ዛፉ ምትክ ከቤቱ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ሾላ ወይም ዋንዛ ትከሉ። ይዘገያሉ፤ ግን የትም አይሄዱባችሁም።

ከካራ ቆሬ፦ ከሰንበቴ ገበያ ፍየሎች ገዛሁ። ፍጋቸውን ለጎመን መደቤ ተጠቀምኩ። ክረምት ሲገባ በጎመኑ መሃል እሾሃማ ችግኝ ብቅ ብቅ አለ። ከእነሱ የመጣ ነው?

ከእነሱ ሳይሆን አይቀርም። ሰንበቴ የደጋውና የቆላው ከብት የሚገናኝበት ገበያ ነው። ከቆላ የመጣ ፍየል የበላውን የፕሮሶፒስ ፍሬ በሆዱ ይዞ ይመጣል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። አዲስ የገዙትን እንስሳ ለአንድ ሳምንት ያህል በረት ውስጥ ይያዙት። ሆዱ ውስጥ ያለው ዘር በዚህ ጊዜ ይወጣል። የዚያን ሳምንት ፍግ ለብቻው ሰብስበው አድርቀው ያቃጥሉት፤ ወደ መደብ አይግባ። አሁን የበቀለውን ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይሉ ከነሥሩ ይንቀሉት።

ከአረርቲ፦ አጥሬ ዙሪያውን የወፍ ቆሎ ነው። አበባው ሮዝና ቢጫ ሆኖ ሲያብብ መንገደኛ ሁሉ ያደንቀዋል። ሰሞኑን ጥጃዬ መብላት አቆመ፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ አፍንጫው አካባቢ ቆዳው ይላጣል። ጎረቤቴ «አጥርሽ ነው» አለችኝ። እውነት ይሆን?

እህቴ፣ ጎረቤትሽ ትክክል ሳትሆን አትቀርም። ይህን እያነበብሽ ጥጃው ገና በሕይወት ካለ መጀመሪያ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂጂ። እስከዚያ ጥላ ውስጥ አስገቢው፣ ከአጥሩ አርቂው፣ ንጹሕ ውሃ አቅርቢለት። የወፍ ቆሎ ቅጠል ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው። ጉበቱ ሲታመም ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ቆዳውም ፀሐይ መቋቋም ያቅተዋል፤ በተለይ ነጣ ያለው ቦታ ይቆስላል። ከብት ሌላ ሣር ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ አይነካውም። በበጋ ሣር ሲጠፋ ግን ይበላዋል። ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ለልጆችም አደገኛ ነው።

ይህ ቁጥቋጦ ከአሜሪካ ሞቃታማ አገሮች ተነስቶ ለአበባው ተብሎ ዓለምን ያዳረሰ ነው። በዓለም እጅግ አስቸጋሪ ከተባሉት 100 ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አለበት። ስሙ እንደሚለው ወፎች ፍሬውን ይበሉታል፤ ዘሩንም ወደ ገደሉ፣ ወደ ጫካው፣ ወደ ሰው እርሻ ይጥሉታል። አንቺ ግቢ ውስጥ ያለው ተቆርጦ ቢስተካከል እንኳ የወፎቹን መንገድ መቆጣጠር አትችዪም። ስለዚህ «እየከረከምኩ ልያዘው» ለሚል ሐሳብ አልስማማም። ይውጣ። ከዝናብ በኋላ የሥሩን አናት በዶማ አንስተሽ ገልብጪው፤ መሬት ላይ የነካ ቅርንጫፍ ሥር ስለሚያወጣ የተቆረጠውንም አትተዪ፣ አድርቀሽ አቃጥዪው።

በምትኩ አጋም ብትተክዪ ደስ ይለኛል። እሾህ አለው፣ ከብት አያልፍበትም። ነጭ አበባው ይሸታል፤ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። ድርቁ ከበዛብሽ ክትክታም ጎበዝ አጥር ነው። እነዚህ ሁለቱ በገዛ አገራችን ያደጉ ሆነው ሳለ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ እንደ ልብ አለመገኘታቸው በጣም ያሳዝነኛል።

ከደብረ ብርሃን፦ እኛ ደጋ ነን። ይህ ሁሉ የሚያሳስበው ቆላውን አይደለም እንዴ? ውርጩ ይገድለዋል።

ፕሮሶፒስንና የወፍ ቆሎን በተመለከተ ልክ ነህ። ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ባለበት፣ አይመቻቸውም። ነገር ግን ደጋውም የራሱ አለው። የፈረንጅ ግራር የምንለውን፣ በተለይ ደከረንስን፣ ተመልከት። ላባ የመሰለ ቅጠል፣ ቢጫ አበባ፣ ፈጣን ዕድገት። ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ከጤፍ ጋር እያፈራረቀ ተክሎት በከሰሉ ኑሮውን ለውጦበታል። ስለዚህ ክፉ ዛፍ ነው ብዬ አልፈርድም። ማሳ ተሰጥቶት፣ በጊዜው ተቆርጦ፣ መሬቱ ተመልሶ ሲታረስ ጠቃሚ ነው።

ችግሩ ለውበት ብሎ ወንዝ ዳር ወይም ገደል አፋፍ ላይ የሚተክለው ሰው ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። እሳት ደግሞ ያነቃዋል። ቦታውን አጸዳሁ ብለህ ብታቃጥለው ከዝናቡ ጋር ችግኙ ተንጋግቶ ይወጣል። በዚህ ላይ ጥቁር ግራር የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ከላይ በጠቀስኩት የ100ዎቹ ዝርዝር ውስጥ አለ። እንደ ወፍ ዋሻ ባለ ጥንታዊ ጫካ ጠርዝ ላይ እንዲህ ያለ ዛፍ መትከል በጭራሽ የማይደረግ ነው። እዚያ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው አሉ። ለደጋ ግቢ ቢጫ አበባ የሚፈልግ ሰው አምጃ ይትከል። የኛው ነው፣ ውርጩን ያውቀዋል።

ከዓለም ከተማ፦ ለከብት መኖ ብዬ ሉኪኒያ በአጥሬ ተከልኩ። ላሞቹ ይወዱታል። አህያዬም ስትበላ ሰነበተች፤ አሁን ጋማዋና ጭራዋ እየረገፈ ነው። ቡዳ ነው የሚሉኝ አሉ።

አባቴ፣ ቡዳ አይደለም። ሉኪኒያው ነው። ቅጠሉ ውስጥ ሚሞሲን የሚባል ነገር አለ። አህያ፣ ፈረስና በቅሎ ላይ ፀጉር ያረግፋል፤ መጀመሪያ የሚታየው ጋማና ጭራ ላይ ነው። ከአህያዋ ያርቁት፣ ፀጉሯ ይመለሳል። ለላምና ለበግም ቢሆን ከጠቅላላው መኖ ከሲሶ አይለፍ።

መኖነቱን አልቃወምም፤ በበጋ እንዲህ ያለ አረንጓዴ ቅጠል ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ግን ሉኪኒያም ዘሩ ብዙ ነው፣ ከሥሩ እንደ ሣር ይበቅላል። ከአበባ ወደ ፍሬ ሳያልፍ ደጋግመው ይቁረጡት። ቅጠሉ የሚበዛውም እንደዚያ ሲሆን ነው። ወደ ጀማ በሚወርደው ገደል በኩል ያለውን ግን ባይኖር ይሻላል።

ከደብረ ሲና፦ ጃካራንዳስ? ወይንጠጅ አበባውን ስለምወደው ልተክል ነበር።

በደቡብ አፍሪካ በወራሪነት ተመዝግቦ አዲስ መትከል ተገድቧል፤ በአበባው የታወቀችው ፕሪቶሪያ እንኳ በጎዳናዎቿ ያሉትን ይዛ ትቀጥላለች እንጂ ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም። በኛ አገር እንደ ፕሮሶፒስ ሲሮጥ አላየሁትም። ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር ከሆነ ግድ የለም፤ ወንዝ ዳር ግን አትትከዪ፣ ዘሩ ክንፍ ስላለው ነፋስ ይወስደዋል። ወደ ቆላው ዝቅ ብሎ መሬት ካለሽ ግን ብርብራን አስቢ። ወይንጠጅ አበባ አለው፣ ጥላው ሰፊ ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ አይገኝም።

ከእነዋሪ፦ ባህር ዛፍም ወራሪ ነው ይሉናል። ልንቆርጠው ነው?

አይቸኩሉ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ ዛፍ ነው፤ ያለ እሱ የደጋው ሰው በምን ቤት ይሠራ ነበር፣ በምን ያበስል ነበር? የሚስፋፋው በአብዛኛው ሰው ሲተክለው ነው፤ እንደ ፕሮሶፒስ ራሱን በዘር አያዳርስም። ጥፋቱ ሌላ ነው፤ ውሃና የአፈር ለምነት ይሻማል። ከምንጭና ከእርሻ ድንበር ይራቅ እንጂ ባለበት ይቆይ።

ከሸዋሮቢት ሌላ አንባቢ፦ በፕሮሶፒሱ ጉቶ ላይ ጨው ወይም የተቃጠለ ዘይት ብናፈስ ይሞታል ይባላል።

እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ጨው አፈሩን ይገድላል፤ ዛፉ ከሞተ በኋላም ሌላ ነገር አይበቅልበትም። ፕሮሶፒስ ራሱ ጨው የሚችል ዛፍ ነው! የተቃጠለ ዘይትም በዝናብ ታጥቦ ወደ ጉድጓድ ውሃችሁ ይገባል። መቆፈር ካልተቻለ ጉቶውን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኑት፣ ዳሩን በአፈር ቅበሩት፤ ብርሃን ሲያጣ ይዳከማል። የሚያቆጠቁጠውን እየተከታተሉ መንቀልም ያደክመዋል። ፀረ አረም ኬሚካል የግድ ከሆነ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ አማክሩ። ግንዱ በተቆረጠ በደቂቃዎች ውስጥ የተቆረጠው ፊት ላይ በብሩሽ ይቀባል እንጂ አይረጭም። ወንዝ ዳር ግን በጭራሽ።

ከአጣዬ፦ እኔ ግቢዬን አጽድቻለሁ። ጎረቤቴ ግን ፕሮሶፒሱን አልቆርጥም ብሏል። ከሰል እያከሰለ ልጆቹን ያስተምርበታል። ፍሬው ወደኔ ይመጣል። ልክሰሰው?

አይክሰሱት። የእንጀራው ነገር ነው፤ ዛፉን የሚወደው ለክፋት አይደለም። ፍሬው ከመብሰሉ በፊት ቀርበው ያነጋግሩት። የሚፈልገው እንጨቱን ነው፤ እርስዎን የሚጎዳዎት ፍሬው ነው። ስለዚህ እንጨቱን እየቆረጠ ይጠቀም፤ ዛፉ ግን ፍሬ እስኪይዝ አይቆይ። በእርስዎ ድንበር በኩል ያሉትን ከነሥራቸው ለማውጣት ደቦ ይጥሩ፤ ምግቡና ጠላው በእርስዎ ይሁን። የወጣውን እንጨት በሙሉ ለእሱ ይስጡት፣ ያክስለው። እሺ ካለ በዚያው ቀን ድንበሩ ላይ የሚተከል የአገራችን ግራር ችግኝ ይዘውለት ይሂዱ።