ስለ ኮሙኒኬሽን፣ አዲስ ሚዲያና የባህል ኢንዱስትሪዎች የድህረ ምረቃ ትምህርት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በዚህ የትምህርት ዘርፍ ላይ ያተኮሩትን አራቱን መርጠን ምላሽ ሰጥተናል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ያገኘሁት በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ሲሆን አሁን በሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጅነት እሠራለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን «ኮሙኒኬሽን፣ አዲስ ሚዲያና የባህል ኢንዱስትሪዎች» በሚል ስያሜ በሚሰጥ መርሐ ግብር ለመከታተል አስቤ የልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎችን የትምህርት ዝርዝር ሳገላብጥ፣ ስያሜያቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ኮርሶቻቸው ፈጽሞ የማይገናኙ ሆነው አገኘኋቸው። አንዱ በአድማጭ ጥናትና በስታቲስቲክስ ላይ፣ ሁለተኛው በቅጂ መብትና በባህል ፖሊሲ ላይ፣ ሦስተኛው በዲጂታል ይዘት ዝግጅት ላይ ያተኩራል። ይህ በእርግጥ አንድ የትምህርት ዘርፍ ነውን? የትኛውንስ ብመርጥ ይሻለኛል?

መልስ፦ ያስተዋሉት ልዩነት እውነተኛ ነው። በአንድ ስያሜ ሥር የተሰባሰቡት ሦስቱ ጉዳዮች አነሣሣቸውም ሆነ ዕድገታቸው የተለያየ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ እንደ መምህራኑ ዝንባሌ አንዱን አጉልቶ ሌላውን አሳንሶ መርሐ ግብሩን ይቀርጻል። ምርጫዎ የሚቀለው የሦስቱን አመጣጥ ሲያውቁ ነው።

የኮሙኒኬሽን ጥናት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ መልክ የያዘው በዋናነት በአሜሪካ ሲሆን፣ እርስዎ የሚሠሩበት ሬዲዮ በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ነበረው። የማኅበራዊ ጥናት ተመራማሪው ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በ1940 የተካሄደውን የፕሬዚዳንት ምርጫ ምክንያት በማድረግ፣ በኦሃዮ ግዛት ኢሪ በተባለ አውራጃ የሚኖሩ መራጮችን ለወራት ደጋግመው እየጠየቁ ባካሄዱት ጥናት፣ ሬዲዮና ጋዜጣ የሕዝብን ሐሳብ በቀጥታ ይለውጣሉ የሚለው ግምት እንደማያስኬድ አሳይተዋል፤ መራጩ ይበልጥ ይሰማ የነበረው የሚያምናቸውን በአካባቢው ያሉ ሰዎች ነበር። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ሃሮልድ ላስዌል ደግሞ በ1948 ማን፣ ምን፣ በየትኛው መንገድ፣ ለማን፣ በምን ውጤት ይናገራል የሚሉትን ጥያቄዎች በአንድነት አቀረባቸው። ስለ ይዘት ትንተና፣ ስለ አድማጭ ጥናትና ስለ ተጽዕኖ የሚሰጡት ኮርሶች ዛሬም ድረስ በእነዚህ ጥያቄዎች መስመር የተከፋፈሉ ናቸው። ስታቲስቲክስ የበዛበት መርሐ ግብር የዚህ ወግ ተከታይ ነው።

የባህል ኢንዱስትሪዎች ጥናት የተነሣው ግን ከብርቱ ትችት ነው። ከናዚ አገዛዝ ሸሽተው አሜሪካ የገቡት ጀርመናውያኑ ፈላስፎች ማክስ ሆርክሃይመርና ቴዎዶር አዶርኖ በ1940ዎቹ ባቀረቡት ትንታኔ፣ ፊልም፣ ሬዲዮና የመጽሔት ኅትመት እንደ ፋብሪካ ምርት በአንድ ቅርጽ እየተመረቱ የሰውን የማሰብ ነፃነት ያደነዝዛሉ ሲሉ ተከራከሩ። በ1970ዎቹ ፈረንሳዊው በርናር ሚዬዥና ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን አመለካከት ሁሉንም በጅምላ የሚፈርጅ ነው ብለው ነቀፉት፤ የባህል ምርት በየዘርፉ የተለያየ የገቢ ሥርዓትና የሥራ ጠባይ እንዳለውም በዝርዝር አሳዩ። መጽሐፍ አሳታሚ የትኛው ሥራ እንደሚሸጥ አስቀድሞ ስለማያውቅ ብዙ ርእሶችን አሳትሞ የጥቂቶቹ ትርፍ የብዙዎቹን ኪሳራ እንዲሸፍንለት ያደርጋል። የሬዲዮ ጣቢያ በአንጻሩ አድማጭ እንዳይለየው ቀኑን ሙሉ ያለማቋረጥ ማሰራጨት አለበት፤ ገንዘቡን የሚያገኘውም ከአድማጩ ኪስ ሳይሆን ከማስታወቂያ አስነጋሪው ነው። እርስዎ ይህን ልዩነት በየቀኑ በሥራዎ ላይ ያውቁታል። ማስታወቂያ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚታጠፈው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ለማንም አዘጋጅ ግልጽ ነው፤ ትምህርቱ የሚጨምርልዎ ነገር ይህ ለምን እንደሚሆን በሥርዓት የመመርመሪያውን መንገድ ነው።

ይህ የጥናት መስመር ከፖሊሲ ጋር በጥብቅ የተሳሰረ በመሆኑ፣ ዩኔስኮ በ2005 ያጸደቀውን የባህላዊ መገለጫዎች ብዝኃነትን የሚመለከት ስምምነትና የብሪታንያ መንግሥት በ1998 ማስታወቂያንና ሶፍትዌርን ከሙዚቃና ከቲያትር ጋር በአንድ «የፈጠራ ኢንዱስትሪ» ስብስብ ውስጥ ያስገባበትን ሰነድ በኮርሶቹ ውስጥ ማግኘትዎ አይቀርም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ እጅግ ጠቃሚ ነው። የመጀመሪያው የባህል ሥራ እንደማንኛውም ሸቀጥ ብቻ ሊታይ አይገባውም የሚል አቋም ሲይዝ፣ ሁለተኛው ባህልን በሚያስገኘው ገቢና በሚፈጥረው የሥራ ዕድል ይለካዋል። በመስኩ ውስጥ የሚካሄደው ክርክር ትልቁ ክፍል በእነዚህ ሁለት አቋሞች መካከል የሚመላለስ ነው።

አዲስ ሚዲያ የሚባለው ኢንተርኔት ከተስፋፋበት ከ1990ዎቹ ወዲህ የመጣ ሲሆን ከሁለቱም ወጎች ይበደራል። በአንዳንድ ቦታ እንደ ፌስቡክ ያሉ የኢንተርኔት መድረኮችን (ፕላትፎርሞችን) አሠራር የሚመረምር ጥናት ነው፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ቪዲዮ ማቀናበርና ድረ ገጽ መሥራት የሚያስተምር የሙያ ሥልጠና ነው። ከመመዝገብዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ እንዳይቀሩ።

ለማረጋገጥ የግዴታ ኮርሶችን ዝርዝር ይመልከቱ። የምርጫ ኮርሶች ዝርዝር ሁልጊዜ የተትረፈረፈ ይመስላል፤ ነገር ግን ተማሪ ሲያንስ ወይም መምህር ሲጠፋ የማይከፈቱ ብዙዎች ናቸው። ቀጥሎም ከዚሁ መርሐ ግብር የተመረቁ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎችን ርእስ በዩኒቨርሲቲው የቤተ መጻሕፍት ማኅደር ፈልገው ያንብቡ። መርሐ ግብሩ ምን ዓይነት ተመራማሪ እንደሚያፈራ ከማስታወቂያው ይልቅ እነዚህ ርእሶች በታማኝነት ይነግሩዎታል።

ወደ እርስዎ ስንመጣ፣ ሥነ ጽሑፍ በማጥናትዎ ጽሑፍን መተርጎምና መተንተን ተክነውበታል፤ ከሬዲዮው ደግሞ የዝግጅትን ሙያ አግኝተዋል። የሚጎድልዎት የምርምር ዘዴና የኢኮኖሚ ዕውቀት ነው። ስለሆነም ሦስተኛውን ትተው፣ የባህል ኢንዱስትሪዎችን ኢኮኖሚና ቢያንስ አንድ ጠንካራ የምርምር ዘዴ ኮርስ በግዴታ የሚያስተምረውን ይምረጡ እንላለን። የሚያውቁትን መልሶ የሚያስተምርዎ መርሐ ግብር ጥሩ ውጤት ያስገኝልዎ ይሆናል እንጂ ዕውቀት አይጨምርልዎትም።

ጥያቄ፦ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። ከማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ሚሊዮን ጽሑፎችን በፕሮግራም ሰብስቤ ለመተንተን ስለምችል፣ የመመረቂያ ጥናቴ ቀላል ይሆንልኛል ብዬ አምናለሁ። ንድፈ ሐሳቡን የግድ መማር ይኖርብኛል?

መልስ፦ ችሎታዎ በዘርፉ ውስጥ በብርቱ የሚፈለግ ነው፤ ብዙ መርሐ ግብሮችም ከሌላ ሙያ የመጡ አመልካቾችን ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ ቀላል ይሆናል ያሉት መረጃ የማሰባሰቡ ሥራ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እጅግ ከብዷል። ፌስቡክ በ2018 የካምብሪጅ አናሊቲካ ጉዳይ (የተጠቃሚዎች መረጃ ያለ ፈቃዳቸው ለፖለቲካ ዘመቻ የዋለበት) ከተጋለጠ በኋላ የመረጃ በሮቹን አጠበበ፤ ለተመራማሪዎች ነፃ የነበረው የትዊተር (የዛሬው ኤክስ) የመረጃ ማግኛ አገልግሎት በ2023 ቀረ፤ ብዙ ጋዜጠኞችና ምሁራን በፌስቡክ የሚለጠፉ ጽሑፎችን ስርጭት ለመከታተል ይጠቀሙበት የነበረው መሣሪያ፣ ክራውድታንግል፣ በነሐሴ 2024 ተዘጋ። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ በአንቀጽ 40 የተመረጡ ተመራማሪዎች ከትልልቅ ፕላትፎርሞች መረጃ እንዲያገኙ የሚያስችል መንገድ ከፍቷል፤ ነገር ግን ፈቃዱ ከምርምር ተቋም ጋር የተያያዘና ጊዜ የሚወስድ ስለሆነ ለአጭር የማስተርስ ጥናት የሚመች አይደለም። ጥያቄዎን ከመወሰንዎ በፊት መረጃውን በሕጋዊ መንገድ የሚያገኙበትን መንገድ ማወቅ አለብዎት።

የሥነ ምግባሩም ጉዳይ አለ። አንድ ሰው ጽሑፉን ሁሉም እንዲያየው አድርጎ መለጠፉ በጥናት ውስጥ እንዲካተት ፈቅዷል ማለት አይደለም። ስም ቢያጠፉ እንኳ ጥቅሱን ገልብጦ በመፈለግ ጸሐፊውን ማግኘት ስለሚቻል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ይህን በጥብቅ ይጠይቃሉ።

ስለ ንድፈ ሐሳቡ የጠየቁትን በአጭሩ እንመልሳለን፤ መማር ይኖርብዎታል። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የባህል ጥናት ምሁር ስቱዋርት ሆል በ1973 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ተመልካቾች አንድን የቴሌቪዥን መልእክት አዘጋጁ እንዳሰበው ሊቀበሉት፣ ከራሳቸው ሁኔታ ጋር አስማምተው ሊረዱት፣ ወይም ጨርሶ በተቃራኒው ሊተረጉሙት እንደሚችሉ አስረድቷል። እርስዎ አንድን ቪዲዮ አንድ መቶ ሺህ ሰው ማጋራቱን ሊቆጥሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን ያጋሩት ስለወደዱት ይሁን ሊሳለቁበት ቁጥሩ ብቻውን አይነግርዎትም። ጥቂት ሰዎችን አነጋግሮ ቁጥሩን ከትርጉሙ ጋር የሚያገናኝ ጥናት በመስኩ ውስጥ ትልቅ ዋጋ አለው።

ጥያቄ፦ አንደኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪ ነኝ። «የማኅበራዊ ሚዲያ ተጽዕኖ በወጣት ሙዚቀኞች ላይ» የሚል የጥናት ርእስ ለአማካሪዬ ባቀርብም «እጅግ ሰፊ ነው» ብለው መለሱልኝ። ሁለት ጊዜ ባሻሽለውም አልተቀበሉኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አማካሪዎ ትክክል ናቸው፤ ርእሱም ሊድን የሚችል ነው። ችግሩ ያለው በሦስት ቃላት ላይ ነው። «ማኅበራዊ ሚዲያ» ሙዚቃ የሚለቀቅበትን፣ የሚተዋወቅበትንና አድናቂ የሚገኝበትን ቦታ ሁሉ በአንድነት ያጠቃልላል፤ «ተጽዕኖ» በገቢ ላይ ይሁን በአዘፋፈን ወይም በዝና ላይ አልተለየም፤ «ወጣት ሙዚቀኞች» ደግሞ በግላቸው የሚሠሩትንም በኩባንያ የሚደገፉትንም ያቀፈ ነው።

እስቲ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንቁም። የዲጂታል ሙዚቃ ማሰራጫ የሆነው ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው አድማጩ ቢያንስ 30 ሰከንድ ሲያዳምጠው ነው። ክፍያውም ለእያንዳንዱ መደመጥ በተወሰነ ዋጋ የሚታሰብ ሳይሆን፣ ከተሰበሰበው ገቢ ላይ ለመብት ባለቤቶች የተመደበው ድርሻ እያንዳንዱ ዘፈን ከጠቅላላው መደመጥ ባለው ድርሻ ልክ የሚከፋፈል ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በአሥራ ሁለት ወራት ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን በዚህ ክፍያ ውስጥ አይገባም። እነዚህ ሦስት ደንቦች ዘፈን በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ምን ያደርጋሉ? ሙዚቀኛው የመሣሪያውን መግቢያ ያሳጥራል? አዝማቹን ወደ ፊት ያመጣል? አንድ ረዥም ሥራ ከመልቀቅ ይልቅ አጫጭር ሥራዎችን አከታትሎ ይለቃል?

አሁን ጥያቄዎ ይህን ሊመስል ይችላል፦ «ሥራቸውን ራሳቸው የሚለቁ ወጣት ሙዚቀኞች፣ የዲጂታል ሙዚቃ ማሰራጫዎች የክፍያ ደንብ የዘፈናቸውን አወቃቀርና የአለቃቀቅ ጊዜ በተመለከተ በሚወስኑት ውሳኔ ውስጥ ምን ቦታ ይሰጡታል?» ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ከሚሆኑ ሙዚቀኞች ጋር ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ማድረግና የለቀቋቸውን ዘፈኖች የመግቢያ ርዝመት መለካት ለማስተርስ ጥናት ይበቃል። ሙዚቀኞቹ «እኔ ስለ ክፍያ አስቤ አልዘፍንም» ቢሉዎት ጥናትዎ አልከሸፈም። የተናገሩትንና የለቀቁትን ጎን ለጎን ሲያነጻጽሩ የሚታየው ልዩነት ራሱ ግኝት ነውና፣ አማካሪዎን ይዘው በዚያ ላይ ቢቆዩ እንመክራለን።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ እንጨምር። «ተጽዕኖ» የሚለውን ቃል በርእስዎ ውስጥ ማቆየት ከፈለጉ፣ መንስኤና ውጤትን የሚለይ የጥናት ንድፍ ማቅረብ ይጠበቅብዎታል፤ ይህ ደግሞ በቃለ መጠይቅ ብቻ የሚቻል አይደለም።

ጥያቄ፦ አንዱ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓመት፣ ሌላው በሁለት ዓመት ያስመርቃል። አንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሌላው የተግባር ፕሮጀክት ይጠይቃል። ወደፊት ዶክትሬት ለመሥራት ላስብ እችላለሁ፤ ልዩነቱ ምን ያህል ያሳስበኛል?

መልስ፦ በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት አንድ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ተደርጎ ይታሰባል። ማስተርስ በአብዛኛው 90 ወይም 120 ክሬዲት ነው። በብሪታንያ ደግሞ በራሷ አቆጣጠር 180 ክሬዲት የሆነው የአንድ ዓመት ማስተርስ የተለመደ ነው። በዓመቱ ብዛት አይጨነቁ፤ ከጠቅላላው ክሬዲት ውስጥ ለመመረቂያ ጥናቱ የተመደበው ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ዶክትሬት የሚያስቡ ከሆነ የጽሑፍ ጥናት ያለውን ይምረጡ፤ ምክንያቱም የዶክትሬት አመልካቾችን የሚመርጡ መምህራን በብዙ ቦታ የሚጠይቁት በራስዎ ያካሄዱትን ምርምር ነው። የተግባር ፕሮጀክት ያለው መርሐ ግብር ውስጥ ቢገቡ እንኳ፣ ከፕሮጀክቱ ጋር የምርምር ዘዴውን የሚያብራራ ሰፋ ያለ ጽሑፍ ማቅረብ ይፈቀድ እንደሆነ ከመመዝገብዎ በፊት ለመርሐ ግብሩ አስተባባሪ በጽሑፍ ጠይቀው፣ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ።