ካፓሲተር ስትቀይሩ ማይክሮፋራዱን ብቻ አትዩ

ይህን የምጽፈው ጥገና ለጀመራችሁ ልጆች ነው። በተለይ ቪጂኤ ካርድ (የኮምፒውተሩን የምስል ካርድ) ፈታችሁ ካፓሲተር ለመቀየር እጃችሁን ለሚበላችሁ።

አንድ ልማድ አያለሁ። የተነፋውን ካፓሲተር ነቅሎ፣ ላዩ ላይ ያለውን ማይክሮፋራድ (የመያዝ አቅሙን) አንብቦ፣ መርካቶ ወርዶ «1500 ማይክሮ አለህ?» ማለት። ሻጩም አለኝ ይላል። ይገዛል፣ ይበየዳል፣ ካርዱ ይነሳል። ጌም ሲከፈት ግን ስክሪኑ ጥቁር ይላል። ልጁም «ቺፑ ሞቷል» ብሎ ይፈርዳል። ቺፑ እኮ ምንም አልሆነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱ 12 ቮልት ይቀበልና ወደ 1 ቮልት ገደማ አውርዶ ለቺፑ ይሰጣል። ቮልቱ ሲወርድ አምፒሩ ይወጣል። ቺፑ 200 ዋት ከበላ፣ በ1 ቮልት 200 አምፒር ማለት ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሞስፌቶች (ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያዎች) በሰከንድ መቶ ሺዎች ጊዜ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ካፓሲተሩ ያንን ሁሉ መንቀጥቀጥ ማለስለስ አለበት። ስለዚህ ብዙ መያዙ ብቻውን አይበቃም፣ የያዘውን ቶሎ መልቀቅም አለበት። ይህን የሚወስነው የውስጥ ሬዚስታንሱ ነው፣ በሙያችን ኢኤስአር የምንለው። እሱ ደግሞ ካፓሲተሩ ላይ አይጻፍም። ዳታሺት (የአምራቹን ዝርዝር መግለጫ) መክፈት ግድ ነው።

አንድ 820 ማይክሮፋራድ፣ 2.5 ቮልት ሶሊድ ካፓሲተር (ውስጡ በፈሳሽ ፈንታ ፖሊመር ያለው) ኢኤስአሩ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊኦም ነው። ለሬዲዮና ለአምፕሊፋየር የሚሸጠው ተራው 1000 ማይክሮ ከዚህ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። በቁጥር ትልቁ እሱ ነው፣ በሥራ ግን አይደርስበትም። ኮር ላይ (ቺፑን በሚመግበው የ1 ቮልት መስመር) ብታስገቡት ይግላል፣ ከዚያ ይነፋል። ለዚህ ነው የድሮ ካርድ ላይ የነበረውን 1500 ማይክሮ ፈሳሽ ካፓሲተር በ820 ሶሊድ ቀይረን በደንብ የሚሠራልን። ግን ይህንንም በጭፍን አትያዙት። አንዳንድ የቆዩ ትንንሽ ሬጉሌተሮች (ቮልት አስተካካዮች) ጸጥ ብለው እንዲሠሩ ካፓሲተራቸው ትንሽ ኢኤስአር እንዲኖረው ይፈልጋሉ። እዚያ ሶሊድ ብታስገቡ ቮልቱ መዋዠቅ ይጀምራል።

ቮልት ላይ ቀልድ የለም። በ12 ቮልቱ መግቢያ በኩል ያለው 16 ቮልት መሆን አለበት። በቺፑ በኩል ያለው 2.5 ወይም 4 ቮልት ቢሆን ይበቃል፣ 6.3 ቢሆንም አይጎዳም። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ መልካቸው ያሳስታል። 2.5ቱን መግቢያው ላይ የበየደ ሰው ፍንዳታውን ይሰማዋል። ስለዚህ ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ፎቶው ለዋልታም ይጠቅማል። ክብ አሉሚኒየም ካፓሲተር ላይ ያለው ምልክት ኔጌቲቭ ነው። ታንታለም ላይ ግን መስመሩ ፖዘቲቭ ነው። ቦርዱ ላይ የተቀባው ግማሽ ክብም ከአምራች አምራች ይለያያል። «ሁሌ የተቀባው በኩል ኔጌቲቭ ነው» የሚላችሁን አትስሙ።

ሙቀትስ? 85 ዲግሪ የተጻፈበትን አትንኩ፣ 105 ፈልጉ። ፈሳሽ ካፓሲተር በ105 ዲግሪ 2000 ሰዓት ከተባለ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። በ85 ዲግሪ 8000 ሰዓት መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ለሚውል የጌም ቤት ካርድ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ስፋቱንም ለኩ። 8 ሚሊሜትር የሆነው በእግሮቹ መሀል 3.5 አለው፣ 10 ሚሊሜትሩ 5። ቁመቱ ደግሞ ከኩለሩ ጋር እንዳይጋጭ።

እስካሁን ያወራሁት በአብዛኛው ስለ ድሮ ካርድ ነው። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በመጥፎ ፈሳሽ የተሠሩ ካፓሲተሮች ዓለምን አጥለቅልቀው ነበር፤ የዚያ ዘመን ዕቃ ሲነፋ በዓይን ይታያል። የዛሬው ካርድ ግን ሶሊድና ሴራሚክ (ፈሳሽ የሌላቸው ትንንሽ ካፓሲተሮች) ነው። ሴራሚክ አይነፋም፣ ሶሊድም ብዙ ጊዜ ሳይነፋ ነው የሚሞተው። ስለዚህ ዓይናችሁን ትታችሁ መልቲሜተር ያዙ። 12 ቮልቱ ከግራውንድ (ከኔጌቲቩ መስመር) ጋር ሾርት አድርጎ (በቀጥታ ተገናኝቶ) እንደሆነ ለኩ። ኮሩን ስትለኩ ግን አትደንግጡ፣ ትልልቅ ቺፖች ደህና ሆነው ከአንድ ኦም በታች ያሳያሉ። ይህን ባለማወቅ ስንት ጤነኛ ካርድ ተጥሏል!

ሾርቱ 12 ቮልቱ ላይ ከሆነ፣ ከፓወር ሰፕላይ 1 ቮልት ብቻ፣ አምፒሩን ገድባችሁ ስጡት። አልኮል አፍስሱበት። ቀድሞ የሚደርቅበት ቦታ ጥፋተኛው እዚያ ነው። አንዳንዴ ሞስፌት ይሆናል፣ አንዳንዴ ጤፍ የምታክል ሴራሚክ። እሷ ላይ ምንም አልተጻፈባትም፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ካርድ ካገኛችሁ ከዚያው ቦታ ንቀሉ። ከጎኗ ብዙ መሰሎቿ ካሉ፣ አንዷን ብቻ አንሥቶ ካርዱን ማስነሣት ይቻላል። እኔ ግን ተክቼ ነው የምሰጠው።

የትኛው ዓይነት ይሻላል ብላችሁ የምትከራከሩትን እሰማለሁ። በመስከረም 2020 (እ.ኤ.አ.) አርቲኤክስ 3080 የሚባለው ካርድ ሲወጣ ክርክሩ ዓለም አቀፍ ሆኖ ነበር። ካርዶች ጌም ላይ ክራሽ ሲያደርጉ ሰው ሁሉ ከቺፑ ጀርባ ያሉትን ካፓሲተሮች ጠቆመ። ያኔ ካርድ ይሠራ የነበረው ኢቪጂኤ ስድስት ትልልቅ ፖሊመር የያዘው ዲዛይን ፈተናውን ስላላለፈ አራት ፖሊመርና 20 ሴራሚክ ወዳለው መዞሩን ተናገረ። የቺፑ ሠሪ ኒቪዲያ ደግሞ የካፓሲተሩ ዓይነትና ብዛት ብቻውን የጥራት መለኪያ አይደለም አለ፣ ካርዶቹን ያረጋጋ ድራይቨርም (ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) አወጣ። ትልቁ ፖሊመር ብዙ ይይዛል፣ ትንሿ ሴራሚክ ፈጣን ናት። ሁለቱም ቦታ ቦታ አላቸው።

ዕቃውን ከየት ታገኛላችሁ? ገበያው ውስጥ ፌክ ሞልቷል። ትልቅ ስም ለጥፈው ውስጡ ትንሽ ካፓሲተር የሚከቱበት አለ። ሲያነሡት ከቀለለ፣ ተዉት። ከማይታወቅ አዲስ ይልቅ ከምናለሽ ተራ በተገዛ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ የተነቀለ ሶሊድ ቢሻለኝ ይሻለኛል፣ በኢኤስአር ሜትር ለክቼው ከሆነ። ለደንበኛው ግን የተነቀለ መሆኑን ንገሩት፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ አድርጉት። ከመስጠታችሁ በፊት ካርዱን አንድ ሰዓት ከባድ ጌም ላይ ጫኑት፣ ከዚያ አጥፍታችሁ የቀየራችሁትን በጣታችሁ ንኩ። ከጎረቤቶቹ ይልቅ የሚያቃጥል ካለ ሥራው አላለቀም።