በረዶ ላይ ዓሣ ለማጥመድ ምን ልልበስ ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። የሥራ ጓደኞችሽ ቅዳሜ ሚል ላክስ ሐይቅ ላይ በረዶ በስተው ዓሣ ሊያጠምዱ ነው፤ አንቺንም ጋብዘውሻል። ያለሽ ረጅም የላባ ካፖርትና ጂንስ ነው። "ይበቃኛል ወይስ ሌላ ልግዛ? በረዶው ቢሰበርስ?" ብለሻል። ከሥር "ምን አስበሽ ነው፣ ቤትሽ ቁጭ በይ" ያሉሽን ተያቸው። ሂጂ፣ ደስ ይላል። እኔና ባለቤቴ እዚህ ሚኒሶታ ዊንተር በመጣ ቁጥር እንወጣለን። እሱ ለዓሣው፣ እኔ ለጨዋታውና በፔርሙዝ ለምይዘው ቡና። ስለ ዓሣው ሌሎች ይንገሩሽ፤ ስለ ልብሱ ግን እኔ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ካፖርቱን ተይው። ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ለመጠበቅ እሱን የሚያህል የለም። ሐይቅ ላይ ግን ውሃ ሲነካው አለቀለት። ላባ የሚያሞቀው በመሐሉ አየር ስለሚይዝ ነው። ከረጠበ ይጣበቅና ይተኛል፣ አየር የሚይዝበት ቦታ አይኖረውም። "ሁሉም ነገር በረዶ ሆኖ ውሃው ከየት ይመጣል?" እንዳትይ። መብሻው በረዶውን ጨርሶ ሲያልፍ ከሥር ውሃ ይዞ ይወጣል። ቀዳዳው ዙሪያ እንደ ገንፎ የላላ በረዶ ይከመራል። ተንበርክከሽ በትልቅ ጭልፋ ትጠርጊዋለሽ፤ ያኔ ጉልበትሽ ይረጥባል። ለማጥመጃ የሚሆኑት ትንንሽ ዓሦች ያሉበት ባልዲ ውስጥ እጅሽን ትከቻለሽ፤ ያኔ እጅጌሽ ይረጥባል። ዓሣው ሲወጣ ደግሞ ይንፈራገጣል፣ ይረጭሻል። ትንሽ ቆይቶ እጅጌው ድርቅ ይልና ክንድሽን ባጠፍሽ ቁጥር ሲንኮሻኮሽ ትሰሚዋለሽ። በዚህ ላይ ካፖርትሽ ረጅም ነው፤ ስትንበረከኪ ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል።

ጂንሱም አይሆንም። ጥጥ ነው። ጥጥ ውሃም ላብም ይመጥጣል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ እርጥብ ሆኖ ገላሽ ላይ ሲለጠፍ ሙቀትሽን ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል። አንድ ዘመዳችን ጋቢ ይዞ መጥቶ ማሞቂያ ያለው ፊሽ ሃውስ (በረዶው ላይ የሚቆም የማጥመጃ ቤት) ውስጥ ተከናንቦ ፎቶ ተነስቷል። እዚያ ውስጥ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ምንም አይል። ገላሽን የሚነካው ግን ጥጥ አይሁን፤ ቲሸርቱም፣ ካልሲውም፣ የውስጥ ታይቱም።

ታዲያ ምን ይለበሳል? ገላ ላይ ቀጭን የሜሪኖ ሱፍ ወይም የፖሊስተር የውስጥ ልብስ፣ ከላዩ ፍሊስ፣ ከዚያ ንፋስና ውሃ የማያስገባ የውጭ ልብስ። የውጭው ልብስ ዋና ሥራ ማሞቅ እንዳይመስልሽ። የሚያሞቅሽ ከውስጥ ያለው ነው። የውጭው ንፋሱን ይመልሳል፣ ውሃውን ይመልሳል፣ ክፉ ቀን ከመጣ ደግሞ ያንሳፍፍሻል። ሚል ላክስ ሰፊና ገላጣ ነው፣ ንፋሱን የሚከልል ዛፍም ሆነ ጉብታ የለም። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 10 ፋራናይት ቢል፣ በእኛ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች 23 አካባቢ ማለት ነው፣ በሰዓት 20 ማይል ንፋስ ሲጨመርበት ገላሽ የሚሰማው ከዜሮ በታች 35 ፋራናይት ነው። በዚያ ብርድ የተገለጠ ጉንጭ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም፣ ብርዱ ይበላዋል።

ሱሪው ማንጠልጠያ ያለውና እስከ ደረት የሚደርስ ይሁን። ቢብ ይሉታል። ስትጎነበሺ ወገብሽ አይገለጥም፤ ጃኬት ብቻ ለብሶ ወገቡን ንፋስ የመታው ሰው ያውቀዋል። ጉልበቱ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ያለበትን ፈልጊ። የእግሩ ዚፕ እስከ ጭን ወይም እስከ ዳሌ የሚከፈት ከሆነ ቦት ጫማሽን ሳታወልቂ ትለብሺዋለሽ። አንድ ሌላ ነገር፣ ወንዶቹ የማይነግሩሽ፦ ሽንት ቤት። የሴቶች ቢብ ከኋላ በዚፕ የሚከፈት አለ፤ ጃኬትሽንም ማንጠልጠያውንም ሳታወልቂ ትገላገያለሽ። የወንድ ቢብ ተውሰሽ ከሄድሽ ግን ንፋስ ላይ ቆመሽ ሁሉንም ነገር ማውለቅ ነው። እኔ ቡናው እንዳይቀርብኝ ስል የሴቶቹን ገዛሁ፣ አልተጸጸትኩም።

ሱቅ ውስጥ ስትለኪ ከነፍሊሱ ለኪ። ክንድሽን ወደ ላይ አንሺ፣ ቁጢጥ በይ፣ ተንበርከኪ። ጠበብ ካለ አየር አይኖረውም፣ አያሞቅም። በጣም ከሰፋ ደግሞ ብርድ በአንገትና በወገብ ይገባል። ጓንት አድርገሽ ዚፑን ክፈቺና ዝጊ፤ መሳቢያው ትንሽ ከሆነ ወፍራም ገመድ እሰሪበት። ቀለሙን በተመለከተ ጥቁሩ ያምራል፣ አውቃለሁ። አመሻሽ ላይ ግን ሐይቁ ላይ ስኖውሞቢል፣ የበረዶ ላይ ሞተር፣ ይበራል፤ ደማቅ ቀለምና የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ያለውን ምረጪ።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። በረዶ ዓሣ አጥማጆች የሚለብሱት ፍሎት ሱት የሚባል አለ። በገበሩ ውስጥ የሚያንሳፍፍ ነገር የተሰፋበት ጃኬትና ቢብ ነው። ስትራይከር፣ ክላም፣ ፍራቢል የሚባሉት ይሠሩታል። ነገር ግን እነዚህ ድርጅቶች የሚሠሩት ሁሉ አይንሳፈፍም፤ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሁለት ልብሶች ጎን ለጎን ተሰቅለው አንዱ ያንሳፍፋል፣ ሌላው አያንሳፍፍም። መለያውን አንብቢ። ጃኬቱ ብቻ ነው ወይስ ሱሪውም? ብለሽ ጠይቂ። የሚያንሳፍፈውም ቢሆን ላዩ ላይ እንድትቆዪ የሚያግዝ እንጂ የተፈቀደ ላይፍ ጃኬትን የሚተካ አይደለም። ዋጋው ሁለቱ አንድ ላይ ብዙ መቶ ዶላር ነው። ለአንድ ቅዳሜ ይህን ሁሉ አውጪ አልልሽም። ተራ ውሃ የማያስገባ ጃኬት ለብሰሽ ከላዩ ላይፍ ጃኬት ብታደርጊ ሥራውን ይሠራል። ቢስቁብሽ ይሳቁ።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨቀጭቅሽ ልንገርሽ። ካናዳ ባለው የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብሬክት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ራሳቸው እየገቡ ያጠኑ ሰው ናቸው። "አንድ፣ አሥር፣ አንድ" የሚል ነገር አላቸው። የመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ትንፋሽሽ የሚቆራረጥባት ናት፤ ያኔ ውሃ እንዳትጠጪ አፍሽን ከውሃ በላይ ማቆየት ነው። ቀጥሎ ባሉት አሥር ደቂቃዎች እጅና እግርሽ ይታዘዙሻል፣ መውጣት ያለብሽ ያኔ ነው። ከብርዱ የተነሳ ራስሽን እስክትስቺ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል አለሽ። ማለትም ብዙ ሰው የሚሞተው ከመቀዝቀዙ በፊት፣ ትንፋሹ ሲያጥርና ጡንቻው እምቢ ሲለው ሰምጦ ነው። የሚያንሳፍፍ ልብስ ያቺን የመጀመሪያ ደቂቃ ያሻግርሻል፣ እጅሽ ቢደክምም አፍንጫሽን ከውሃ በላይ ያቆየዋል።

ከዚህ ጋር አይስ ፒክ ያስፈልግሻል፦ በገመድ የተያያዙ ሁለት ሹል ብረት ያላቸው እጀታዎች። ርካሽ ናቸው። አንገትሽ ላይ ወይም የጃኬትሽ ደረት ላይ ይሁኑ፤ ቦርሳ ውስጥ ያለ አይስ ፒክ ቤት እንደቀረ ቁጠሪው። ከገባሽ ወደ መጣሽበት አቅጣጫ ዙሪ፣ ያ በረዶ ቅድም ተሸክሞሻልና። ብረቱን በረዶው ላይ ሰክተሽ እግርሽን እየመታሽ ራስሽን ጎትቺ። ከወጣሽ በኋላ አትቁሚ፣ እየተንከባለልሽ ራቂ።

ላብ ሌላው ጠላት ነው። ስሌድ፣ ዕቃ የሚጫንበትን መንሸራተቻ፣ እየጎተትሽ በረዶ ላይ መሄድ ያልባል፤ ከዚያ ቁጭ ስትይ ላቡ ይቀዘቅዝና እስክትመለሺ ትንቀጠቀጫለሽ። ብዙ ሰው ሲሞቀው ጃኬቱን አውልቆ ስሌዱ ላይ ይጥለዋል። እኔ ይህን አልስማማበትም። በረዶው ከሥርሽ ሊከዳሽ የሚችለው እኮ ስትሄጂ ነው! ስሌድ ላይ የተጣለ ፍሎት ጃኬት የሚያንሳፍፈው ስሌዱን ነው። ስለዚህ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ቀንሺ። ፍሊሱን ቦርሳ ውስጥ ይዘሽ ሂጂና ስትደርሺ ልበሺው። ብብት ሥር ዚፕ ያለው ጃኬት ካገኘሽ ደግሞ እሰየው።

በመኪና ሐይቁ ላይ የሚነዱ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መኪና ውስጥ ላይፍ ጃኬትም ፍሎት ጃኬትም አይለበስም። መኪናው ውሃ ሲሞላ ወደ ጣሪያው ይገፋሽና በመስኮት እንዳትወጪ ያደርግሻል። መስኮቱ ክፍት፣ ቀበቶው የተፈታ ይሁን፤ ስትወርጂ ትለብሺዋለሽ።

"ፊሽ ሃውሱ ሞቃት ነው" ብለው ቀለል አድርገሽ እንድትመጪ ሊነግሩሽ ይችላሉ። አትስሚያቸው። በኖቬምበር 2022 እዚሁ ሚኒሶታ አፐር ሬድ ሌክ የሚባል ሐይቅ ላይ በረዶው ከዳር ተገንጥሎ 200 ያህል አጥማጆች ማዶ ቀርተው ነበር፤ ሁሉም በሰላም ወጡ፤ ግን ተራቸው እስኪደርስ መጠበቅ ነበረባቸው። የምትለብሺው ቤቱ ባይኖር የሚያቆይሽን ያህል ይሁን። ቤቱ ውስጥ ደግሞ የፕሮፔን ማሞቂያው ጋር አትጠጊ፣ የእነዚህ ልብሶች ጨርቅ ወዲያው ይቀልጣል። ማሞቂያው ሊያወጣው የሚችለው የማይሸት መርዛማ ጋዝ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማንቂያ መኖሩንም ጠይቂ፤ ዝም ብለሽ እንግዳ አትሁኚ።

እግርሽ በረዶው ላይ ስለሚውል ቀድሞ የሚበርደው እሱ ነው። ውስጡ የሚወጣ የሱፍ ገበር ያለው ቦት፣ ከልክሽ ትንሽ ሰፋ ያለ። ሁለት ሦስት ካልሲ ደራርበሽ አታጣብቢው፣ ደም ካልተዘዋወረ ይብስበታል። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይበቃል። ከጫማው ሥር የሚጠለቅ ሹል ጥርስ ያለው ላስቲክ አድርጊ፣ ንፋስ የጠረገው በረዶ ያንሸራትታል። ለእጅሽ አውራ ጣት ብቻ የተለየበት ጓንት ይሻላል፤ ሌላ ደረቅ ጥንድ ጃኬትሽ ውስጥ ያዢ። ስልክሽንም እዚያው፣ ውሃ በማያስገባ ከረጢት፤ ውጭ ከዋለ ባትሪው ይሞታል። ነጠላም ሆነ ረጅም ሻርፕ አንገትሽ ላይ አታድርጊ፤ በሞተር የሚዞረው መብሻ ከያዘው አይለቅም። ተጎትቶ የሚወጣ የአንገት ልብስ ግዢ።

በረዶውን በተመለከተ የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት፣ ዲኤንአር የሚሉት፣ በእግር ለመሄድ ቢያንስ 4 ኢንች፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ይላል። ነጭ፣ በረዶ ዘንቦበት የረጋው ዓይነት ከሆነ እጥፍ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ መቶ በመቶ አስተማማኝ በረዶ የለም ይላሉ። ጓደኞችሽን "ለክታችኋል?" ብለሽ ጠይቂ። የሚገባው ሰው ኢንቹን ይነግርሻል። "አይ፣ ሁሌ እንሄዳለን" ካሉሽ ከሐይቁ ዳር ያለ ሪዞርት ጋር ደውዪ፤ በየቀኑ የሚለኩት እነሱ ናቸው። ዘንግ የምትይዢ ከሆነ የማጥመጃ ፈቃድ አውጪ።

ለመግዛት አትቸኩዪ። ማርች ሲገባ ይህ ሁሉ ልብስ ይረክሳል፤ ከወደድሽው ያኔ ትገዣለሽ። ለዚህ ቅዳሜ የእኔን ውሰጂ። ሜዲየም ነው፣ ለአጭር ሰው የተሠራ። ሴንት ፖል ነኝ፣ በኢንቦክስ ቁመትሽንና የጫማ ቁጥርሽን ላኪልኝ። ዓርብ ማታ ከሥራ በኋላ ቤት ነኝ፣ መጥተሽ ለኪው። አይስ ፒኩንም አብሬ እሰጥሻለሁ።