ከሐረጎ ጠመዝማዛ እስከ ቤት ደጃፍ፦ ስለ ብስክሌትና ስለ ቤተሰብ ለጠየቃችሁኝ

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ባለትዳርና የልጆች አባት ነኝ፤ ብስክሌት የምነዳው ለጤናዬና ለደስታዬ እንጂ ለውድድር አይደለም። ከሁለቱም ከተሞች ጥያቄዎች ስለበዙ ዛሬ በተከታታይ እመልሳለሁ። መልሶቼ ሁሉ የሚነሱት ከአንድ እምነት ነው፦ ለእኔ ጎበዝ ብስክሌተኛ ባለው ሰዓት፣ በሰላም ቤቱ የሚገባ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ፍሬኑ የመቃጠል ሽታ ያመጣል፤ ፍጥነት ስጨምር ደግሞ መሪው ይንቀጠቀጣል። ምን ላድርግ? (ወጣት፣ ከሆጤ)

ወንድሜ፣ ሽታውን ችላ አትበለው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእርሷ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ መንገዱ ግን 25 ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ከዚያ ሁሉ ከፍታ ስትወርድ የምታገኘውን ጉልበት ነፋሱ ካልበላው ፍሬንህ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ቸርኬው ይግልና ከመነዳሪውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ የዲስክ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይደክማል።

መድኃኒቱ የአያያዝ ለውጥ ነው። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ሳትለቅ አትጎትት። ከመታጠፊያው በፊት፣ ብስክሌቱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ሁለቱንም ፍሬኖች ጠበቅ አድርገህ ይዘህ ፍጥነትህን አውርድ፤ ከዚያ ለቀቅ አድርገህ ታጠፍ። በምትለቅባት ጊዜ ነፋሱ ያቀዘቅዝልሃል። ብዙዎች የፊት ፍሬንን ይፈሩታል፤ ነገር ግን በደረቅ አስፋልት አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው እርሱ ነው። ሰውነትህን ወደኋላ ሳብ አድርገህ ቀስ በቀስ ጨብጠው እንጂ በድንገት አትጭመቀው። ከሸተተህ ደግሞ ሰፋ ያለ ዳር ፈልገህ ቁም፤ እስኪበርድ ጠብቅ፤ የጋለውን ቸርኬም ሆነ ዲስክ በእጅህ አትንካ።

ለመሪው መንቀጥቀጥ ቤትህ እንዳለህ ይህን ሞክር፦ የፊት ፍሬኑን ይዘህ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ግፋው። ከመሪው ሥር ኳ ኳ የሚል ነገር ከተሰማህ ላልቷልና ሳይጠብቅ ቁልቁለት አትግባ። መንገድ ላይ ከጀመረህ ደግሞ መሪውን ጨምድደህ አትታገለው፤ የላይኛውን ብረት በጉልበቶችህ አጣብቀህ ቀስ ብለህ ፍጥነት ቀንስ።

ሌላም ልበልህ፣ ይህ ከልቤ ነው። በሐረጎ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ በከባድ መኪናና በገደሉ መካከል ፈጽሞ አትግባ። ሽቅብ የሚያዘግም የጭነት መኪና ተንጠልጥላችሁ የምትወጡ ልጆችንም አያለሁ፤ ሾፌሩ አያያችሁም፤ መኪናው ድንገት ወደኋላ ቢንሸራተት ወይም ጉድጓድ ቢገባ እጃችሁን ለማንሳት እንኳ ጊዜ የላችሁም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዝክ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልግህ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በ30 የሚያቆምህ ፍሬን በ60 አያድንህም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ እሁድ እሁድ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ከቀትር በኋላ ይመለሳል። ከዚያ ደክሞት ይተኛል። ልጆቹም ቤቱም እኔ ላይ ናቸው። ስናገረው «ከመጠጥ ቤት ይሻላል» ይለኛል። አንተ እንዴት አድርገህ ነው? (የሁለት ልጆች እናት፣ ከቧንቧ ውሃ)

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ቅሬታሽ ትክክል ነው። ከመጠጥ ቤት ይሻላል የሚለው መልስ አያዋጣም። አንድ አባት ከመጥፎ ነገር በመራቁ ብቻ ቤቱ ሊያመሰግነው አይገባም።

እኛ ቤት የተስማማንበትን ልንገርሽ። ረጅሙ ጉዞ በሳምንት አንድ ነው፤ የሚጀመረው ልጆቹ ከመንቃታቸው በፊት ሲሆን የመመለሻው ሰዓት ከዋዜማው ይታወቃል። ያ ሰዓት የእኔ ምኞት አይደለም፤ ቃል ነው። ጎማ ቢፈነዳ ወይም ዝናብ ቢመጣ ጉዞው ይቆረጣል እንጂ ሰዓቱ አይገፋም። ስመለስ ደግሞ ታጥቤ ልጆቹን እረከባለሁ፤ የቀረው ግማሽ ቀን የባለቤቴ ነው፤ ዘመድ ትጠይቅ፣ ትተኛ፣ ገበያ ትውጣ፣ እኔን አያገባኝም። ደክሞኛል ማለት አይቻልም። ቤት ገብቶ የሚያስተኛ ጉዞ ከአቅም በላይ ነውና ማሳጠር ነው።

ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የዕድር ስብሰባ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ጥሪ ካለ ብስክሌቱ ይቀራል። የእሁድ ቡናም እንዲሁ ነው፤ በወሎ ቤት አቦሉ ላይ ያልነበረ አባት በረካው ላይ ቢደርስ ጨዋታው አልፎበታል። ስለ ገንዘቡም በግልጽ ተነጋገሩ። የትምህርት ቤት ክፍያ በሚከፈልበት ወር እኛ ቤት አዲስ ማርሽ አይገዛም።

ይህን መልስ ለእርሱ አንብቢለት። ብስክሌቱን ይተው አላልኩም፤ ስፖርቱ ጤና ይሰጠዋል፣ ጭንቀቱን ያቀልለታል፣ ይህም ለልጆቹ ይተርፋል። የምለው ሰዓቱን አብራችሁ ቁረጡ ነው።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄን እንዴት ላስተምር? ተጨማሪ ትንንሽ ጎማ የተገጠመለት ብስክሌት ልግዛለት? (አባት፣ ከኮምቦልቻ)

ትንንሾቹን ጎማዎች ተዋቸው። ልጁ ፔዳል መምታት ይማርባቸዋል እንጂ ሚዛን መጠበቅ አይማርባቸውም፤ ከባዱ ትምህርት ደግሞ ሚዛኑ ነው። ሁለቱን ፔዳሎች ፍታቸው፤ የግራው ፔዳል ጥርስ ከተለመደው በተቃራኒ ስለሚፈታ ቁልፉን ወደ ቀኝ አዙር። መቀመጫውን ሁለት እግሮቹ ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪረግጡ አውርደው። ከዚያ በእግሩ እየገፋ ይሂድ። ጥቂት ቀናት ሲጫወትበት እግሮቹን አንስቶ መንሳፈፍ ይጀምራል፤ ያኔ ፔዳሉን መልስለት። መሪውንም መቀመጫውንም አትያዝበት፤ መደገፍ ካስፈለገው ከብብቱ ሥር ያዘው፤ ሚዛኑን ራሱ ይወቀው።

የኮምቦልቻ ልጆች ሜዳ ስላላችሁ ታድላችኋል። እኛ ደሴ ያለነው ልጅ ለማስተማር የትምህርት ቤት ግቢ እናስፈቅዳለን።

የራስ መከላከያውን አደራ። ከቅንድቡ በላይ ሁለት ጣት ብቻ ይቅር፤ ማሰሪያው በጆሮው ግራና ቀኝ ወርዶ ከአገጩ ሥር አንድ ጣት ብቻ ያስገባ። ወደኋላ ተንሸራቶ ግንባርን የሚያጋልጥ ከሆነ ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ሕፃን ልጄን ከኋላ አስቀምጬ መሄድ እችላለሁ?

አንገቱ እስኪጠና፣ ማለትም ዓመት እስኪሞላው፣ አይቻልም። ከዚያ በኋላም ቀበቶና የእግር መከለያ ባለው የልጅ መቀመጫ ብቻ ነው፤ መከለያ ከሌለው የልጅ እግር የጎማው ሽቦዎች ውስጥ ይገባል። አዝሎ መንዳት፣ የፊት ብረት ላይ ማስቀመጥ ይቅር። በደሴ ቁልቁለቶች እኔ ልጅ ጭኜ አልነዳም።

ጥያቄ፦ ሁለት ጓደኛሞች ነን፤ አንዳችን ሙስሊም፣ አንዳችን ክርስቲያን። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲገጣጠሙ ልምምዳችንን እንተው? (ከፒያሳ)

አትተዉት፣ ግን አቅልሉት። አንዱ ሲጾም ሌላው የሚጠብቀው ጓደኝነት የወሎ ነውና በዚህም ቀጥሉበት።

ረመዳን የያዝከው ወንድሜ፣ ቀላሉን ጉዞ ከመግሪብ በፊት ባለችው የመጨረሻ ሰዓት አድርገው፤ ስትጨርስ ውኃውና ቴምሩ ደርሷል። ጠንከር ያለ ልምምድ ካሰብክ ከኢፍጣር በኋላ ሰዓት ጠብቀህ ቤት ውስጥ ሥራው፤ በጨለማ መንገድ አትውጣ። በሌሊቱ ውኃውን ጥቂት በጥቂት ጠጣ፤ ሱሑር ላይ በአንድ ጊዜ የተጋተ ውኃ በሽንት ይሄዳል። ራስህን ካዞረህ ወርደህ በእግርህ ሂድ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾመው ደግሞ በባዶ ሆድ ዳገት አትጀምር። ከምሳህ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይተህ ውጣ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ተልባ ካልጎደሉብህ የጾም ምግብ ለብስክሌተኛ አያንስም።

መንገድ ላይ ለሚበላው በብዙዎች ስለተጠየቅሁ እዚሁ ልመልስ። ከሰዓት ተኩል በላይ ለሚፈጅ ጉዞ የተቀቀለ ድንች በጨው፣ ሙዝ ወይም በስኳር የተበጠበጠ በሶ ያዙ። ብዙ ላብ ለሚያልበው ሰው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃዋል። ቆሎ ጥሩ ነው፣ ግን ቆማችሁ ብሉት፤ ዳገት ላይ እያለከለኩ ማኘክ ያንቃል።

ጥያቄ፦ ሒጃብ እለብሳለሁ፤ ረጅም ቀሚስም አዘወትራለሁ። ብስክሌት መንዳት እወዳለሁ፣ ግን ሰው ምን ይላል? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

እህቴ፣ ልብሱ በቀላሉ መላ አለው። የላይኛው ብረቱ ዝቅ ያለ ብስክሌት ምረጪ፤ የካቴና መሸፈኛና የኋላ ጎማ መከለያ ይኑረው። ከቀሚሱ ሥር ሱሪ ልበሺ፤ ቀሚሱ ከጉልበት እምብዛም ያልወረደ ይሁን። ሻሹ ቀጭንና የማይንሸራተት ይሁን፤ ጫፉን ጃኬትሽ ውስጥ አስገቢው፤ የራስ መከላከያውን ከላይ ድፊበት።

የሰው አፍ የሚከብደው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ከአንዲት ጓደኛሽ ጋር፣ በማለዳ፣ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ሂዱ። ሱቅ የሚከፍተው፣ ጉሊት የምትዘረጋው፣ ዘበኛው ሲለምዷችሁ ሰላምታ ይጀምራሉ፤ ነገር የሚወረውር ቢመጣም እነርሱ ይቆጡላችኋል። ልጆቼ የዚህች ከተማ መንገድ የእነርሱም እንደሆነ አውቀው እንዲያድጉ እፈልጋለሁና ያንቺ ጥያቄ የእኔም ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ 61 ዓመቴ ነው፤ የደም ግፊት አለብኝ። ብጀምር ይጎዳኛል? (ከኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ፤ መድኃኒትዎን በራስዎ አይቀንሱ። ፈቃድ ካገኙ ከኮምቦልቻ ሜዳ አይውጡ። በማለዳ 20 ደቂቃ ይበቃዎታል፤ መለኪያው እየነዱ ያለ ማቋረጥ ማውራት መቻልዎ ነው። ሲጨርሱ በድንገት አይቁሙ፤ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይንዱና ቀስ ብለው ይውረዱ። ደረትዎን ከተጫነዎት ወይም ግራ ክንድዎን ካመመዎት ወዲያው አቁመው ሕክምና ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ብስክሌት ልገዛ ነው። ምን ልይ?

ቀለሙን እርሳውና ብረቶቹ የተበየዱበትን መገጣጠሚያ በእጅህ ዳስሰው፤ ስንጥቅ ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተወው። ጎማዎቹን አንሥተህ አሽከርክራቸው፤ ቸርኬው ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ማቃናት ይፈልጋል። ቀጥሎ ማስመሪያ አውጣ። ከአንዷ የካቴና ፒን መሐል ጀምረህ፣ እርሷን ሳትቆጥር፣ 24ኛዋ ፒን መሐል ድረስ ለካ፤ አዲስ ካቴና 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 30.7 ከደረሰ ካቴናው ይለወጥ፤ 30.8 ካለፈ የኋላ ጥርሶቹም ሳይበሉ አልቀሩምና ያንን ከዋጋው አስቀንስ። ይህችን ልኬት ሻጮች አይጠብቋትም።

ከገዛህ በኋላ ካቴናውን በላምባ እጠበው፤ አድርቀው፤ በየመገጣጠሚያው ጠብታ ዘይት አድርግና የተረፈውን በጨርቅ ጥረገው። ያረጀ የሞተር ዘይት አታፍስበት፤ አቧራ ይሰበስባል።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ «ብስክሌተኛ ሆኜ አገሬን ወክዬ እወዳደራለሁ» ይላል። ላበረታታው ወይስ ትምህርቱን እንዲይዝ ልምከረው?

ሁለቱንም። ሕልሙ ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች በ1956 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተወዳድረዋል፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በቁመቱ ልክ የሆነ ብስክሌት ይኑረው፤ «ያድግበታል» ተብሎ ትልቅ አይገዛለት። በከባድ ማርሽ እየታገለ ጉልበቱን አይጉዳ፤ በቀላል ማርሽ ፈጠን ፈጠን እያለ ይምታ። የክፍል ውጤቱ ሲወርድ ብስክሌቱን መቀማት ግን አልመክርም፤ ሰዓቱን ቀንስለት፤ ምክንያቱንም ንገረው።

ጥያቄ፦ ጉም ሲወርድ?

አልወጣም። ደሴ ጉም ስትለብስ ሾፌሩ የኋላ መብራትህን እንኳ የሚያየው ከደረሰብህ በኋላ ነው። መንገድ ላይ ከያዘህ ግን መብራትህን አብርተህ ከአስፋልቱ ውጣ፤ እየገፋህ ሂድ፤ ቤትህም ደውል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ነው። ብስክሌቱን የት ላስቀምጠው? ባለቤቴ ሰልችቷታል።

አከራይህን አስፈቅደህ ግድግዳው ላይ ጠንካራ መንጠቆ አስተክልና በፊት ጎማው ስቀለው፤ ወለሉን ይለቅላችኋል። የግድግዳው ጭቃ መንጠቆ የማይችል ከሆነ የፊት ጎማውን ፈትተህ አልጋ ሥር አድርገው። ጭቃውን ሁልጊዜ ደጅ አጥበህ ግባ፤ ካቴናው መጋረጃ እንዳይነካ አሮጌ አንሶላ ደርብበት። የሚሰቀልበትን ቦታ ግን እርሷ ትምረጥ።